ከምሳ በኋላ የተነገረ መርዶ

የምስክር ቃል

የመዝገብ ቁጥር፦ 1187/99
የምስክሩ ስም፦ ማንያዘዋል ውበቱ
ዕድሜ፦ 58 (በመታወቂያው ላይ 61 ተጽፏል፤ ምስክሩ ሦስቱ ዓመታት በአውሮፕላን ማረፊያ የተጨመሩበት መሆኑን ገልጿል)
የትውልድ ቦታ፦ ጎንደር፣ ወገራ
አድራሻ፦ ኢየሩሳሌም፣ ቂርያት ሃዮቨል
ሥራ፦ መጽሐፍ ጠራዥ፤ ቀድሞ መምህር
ቀን፦ ሐሙስ፣ 25 ኖቬምበር 1999፣ ከጠዋቱ 9፡40
ቃሉን በአማርኛ የተቀበለውና የጻፈው፦ መርማሪ ሳጅን እንዳለ

«እዚህ ቤት ሁላችንም አንድ ቤተሰብ ነን።»

ይህን ያሉት የጥረዛ ቤቱ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ አቶ አሎን ናቸው። የተናገሩት ለእኔ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 በበጋው ወራት ሁለት ሺህ የጸሎት መጽሐፍ ለማስጠረዝ ለመጣ ደንበኛ ሲናገሩ፣ እኔና የሥራ ባልደረባዬ ወ/ሮ ዘቢደር አንድ እስር ወረቀት በሁለት ጫፍ ይዘን በበሩ ስናልፍ ሰማን። ዘቢደር ያን ጊዜ ዕብራይስጧ ገና ስለነበረ «ምን አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩላት። በእሷ በኩል ያለውን የወረቀቱን ጫፍ መሬት አስቀምጣ «እንዲህ ካሉማ እኛም እንደ ዘመድ ልንሆንላቸው ነዋ» አለች። መርማሪው ከስልኩ እንድጀምር ጠይቀውኝ ነበር፤ ነገሩ የጀመረው ግን ከዚህ ስለሆነ ከዚህ ጀምሬያለሁ።

የቀረብኩበት ጉዳይ የሚከተለው ነው። ወ/ሮ ዘቢደር ማክሰኞ 16 ኖቬምበር 1999 የአቶ አሎንን ፔሌፎን፣ ማለትም የኪስ ስልክ፣ ሰርቃለች ተብላ ተከሳለች። በስርቆት ከተፈረደባት ከሥራ እንደምትሰናበት፣ ሌላ ቀጣሪም ወረቀቷን አይቶ እንደሚመልሳት መርማሪው አስረድተውኛል። ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ልጆች የምታስተምር፣ የ46 ዓመት ሴት ናት። ስልኩን ከኮት ኪስ ስታወጣ በዓይኔ ስላየሁ «አላየሁም» ልል አልችልም። ሌላውንም ያየሁትን ሁሉ በተራው እናገራለሁ። ሰዓቱም ዓመቱም በዚህ አገር አቆጣጠር እንዲጻፍ ከመርማሪው ጋር ተስማምተናል።

ጥረዛ ቤቱ የሚገኘው ከኢትዮጵያ ጎዳና ወረድ ብሎ በሚታጠፍ ጠባብ መንገድ፣ ሁለት ደረጃ ወደ ታች በሚያስገባ የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። እኔ የገባሁት በ1992 መጀመሪያ፣ ዘቢደር በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ ዘጠኝ ነበርን፤ አሁን አምስት ነን። ጠዋት ስንገባ ሙጫው በብረት ድስት ሲሞቅ ከደረጃው ላይ ይሸተን ነበር። ሰው የሙጫ ሽታ ይናፍቀዋል ቢሉኝ ድሮ አላምንም ነበር። አሁን ሙጫው በባልዲ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ምንም አይሸትም፤ ከድሮው ይልቅም ይይዛል። ይህ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት እንደሌለው መርማሪው ነግረውኛል፤ እንዲጻፍልኝ ግን ጠይቄያለሁ።

በዚያ ዘመን ከላይ ካለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መነኮሳት ጀርባው የተገነጠለ ዳዊት በጨርቅ ጠቅልለው ይመጡ ነበር። እነሱ ክርስቲያን፣ እኛ የኦሪት ሰዎች፣ ቤተ እስራኤል ነን። አገር ቤት ብንሆን ምናልባት አንዳችን የሌላውን ደጅ አንረግጥም ነበር፤ እዚህ ግን ስለ ክርና ስለ ቆዳ ብቻ ስለምንነጋገር ተስማምተን ኖርን። እኔ የምጠርዘውን ማንበብ ልማዴ ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ ስለ ወተት ላሞች በሽታ የተጻፉ አራት የዩኒቨርሲቲ ጥናቶችን፣ የአንድ ረቢን የሕይወት ታሪክና ማንም የማያሳትመውን ብዙ ግጥም አንብቤያለሁ። ስለዚህ ከአንባቢ ወገን ነኝ ብል ውሸት አይሆንም።

የአቶ አሎን እናት ወ/ሮ አልማ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጥረዛ ቤቱን ከባለቤታቸው ጋር የመሠረቱ ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላም ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ ከዘቢደር አጠገብ ተቀምጠው ይሰፉ ነበር። ጥራዝ በጥራዝ ላይ አድርጎ መስፋትን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ሁለቱ የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። ሁለት ዓመት ሙሉ «ጥሩ» እና «ሌላ ክር» በሚሉ ቃላት ብቻ ተዋደዱ። ወ/ሮ አልማ ዓይናቸው ሲደክም መርፌውን ዘርግተው ሳያዩ ይይዙታል፤ ዘቢደር ሳትጠየቅ ክሩን ታስገባላቸዋለች። እኔ ከመቁረጫው ማሽን አጠገብ ሆኜ ይህን ለዓመታት አይቻለሁ። ሐሙስ ዛሬም ሐሙስ ነው፤ ያ ሐሙስ ግን አይደለም።

በ1994 የዘቢደር አባት አገር ቤት ሞቱ። ቤር ሸቫ ያለ አንድ ዘመዷ፣ ወጣት ነው፣ ወደ ሥራ ቦታ ደውሎ እንደ አውቶቡስ መነሻ ሰዓት በስልክ ነገራት። እጀታውን እንደያዘች ወደቀች፤ ግንባሯም የመቁረጫውን ጠርዝ መታ። ወ/ሮ አልማ ጨርቅ አርሰው ደሙን እየያዙ «እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም» አሉ። በዕብራይስጥ ነው ያሉት፤ ሰምቼ ለዘቢደር የተረጎምኩላት እኔ ነኝ። ጠባሳው በቀኝ ቅንድቧ ላይ አለ፤ መርማሪው ቢፈልጉ ሊያዩት ይችላሉ።

መዝገቡን ልማዳችንን የማያውቅ ዳኛ ሊያነበው ስለሚችል መርዶ እንዴት እንደሚነገር እንዳስረዳ ተጠይቄ የሚከተለውን ብያለሁ። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ለቅርብ ዘመዱ ወሬው እንደ ደረሰ አይነገርም። መጀመሪያ ሌሎች ይሰማሉ። ከየአገሩ ያለው ዘመድ ተጠራርቶ በአንድ ቤት ያድራል። ባለ መርዶው በማለዳ ና ይባላል፤ ለምን እንደሆነ አይነገረውም። እህል ይቀምሳል፤ ከሰማ በኋላ አይቀምስምና። ከዚያ ከመካከል ትልቅ የሆነው ሰው ነገሩን ከሩቅ ጀምሮ እያቀረበ ያረዳዋል፤ ሲወድቅም የሚይዙት እጆች በዙሪያው አሉ። ቀን ቢያልፍ፣ ወር ቢያልፍ፣ ለቅሶው የሚጀምረው ከሰማበት ሰዓት ነው። ቀብር ለሞተው ነው፤ መርዶ ላለው ነው። በዚህ አገር ያለውን አሠራር ተጠይቄ፣ በኢየሩሳሌም ሬሳ እንደማያድርና ዘመድ በስልክ ተጠርቶ በሰዓታት ውስጥ እንደሚቀበር ማወቄን አልካድኩም።

አሁን ወደ ሃጊት እመጣለሁ። ሃጊት ባለፈው ኦገስት አቶ አሎን የቀጠሯት አማካሪ ናት። ሥራ ስለቀነሰ ከአምስቱ ሠራተኞች አንዱ መቀነስ ነበረበት፤ ማን ለቦታው እንደሚስማማና እንደማይስማማ በሳይንስ እንድትለይ ነው የመጣችው። አርባ ጥያቄ ያለው ወረቀት ሰጠችን። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሥር ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር አለ፤ አንድ «በፍጹም አልስማማም»፣ አምስት «በጣም እስማማለሁ» ነው። የዘቢደርን እየተረጎምኩ የሞላሁት እኔ ስለሆንኩ ያለችውን አስታውሳለሁ።

«አለቃዬ ሲሳሳት ፊት ለፊት እነግረዋለሁ» ይላል አልኳት።

«ምነው፣ እናት የላቸውም እንዴ? ጋሼ፣ አንድ ብለው ይጻፉ።»

«አለቃዬን በስሙ እጠራለሁ።»

«አንድ።» ይህ እውነት ነው። አቶ አሎን «አሎን በሉኝ» ብለው ከጠየቁ ወዲህ ማዕረጉንም ስሙንም ትታ፣ ስትፈልጋቸው ጉሮሮዋን ትጠርግ ነበር። እሳቸውም መዞር ለምደው ነበር።

«በሥራዬ ጎበዝ መሆኔን ለሌሎች እናገራለሁ።»

«ራሴን ላሞግስ? ይቺ ልጅ ሰው አላሳደጋትም? አንድ።»

«መጥፎ ዜና ሳይዘገይና ሳይሸፋፈን በቀጥታ እንዲነገረኝ እመርጣለሁ።»

ዘቢደር ቅንድቧን በጣቷ ነካች፤ «አንድ። ከአንድ በታች የለውም?» አለች።

«በሥራ ቦታዬ የቤተሰብ ስሜት ይሰማኛል» የሚለው ላይ ስንደርስ ቁጥር አልሰጥም አለች። «ይህማ ስሜት አይደለም። እሳቸው ራሳቸው ብለውታል። ያሉትን ይጻፉ» አለች። ለመጻፊያ የሚሆን ባዶ ቦታ አልነበረም። ሃጊት ጥያቄውን «ያልተመለሰ» ብላ አለፈችው።

የራሴን የሞላሁት በሌላ መንገድ ነው። ወረቀቱ የሚፈልገው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ከሦስተኛው ጥያቄ ጀምሮ ገባኝ፤ እንዲህ ያለውን ሰው በመጽሐፍ አውቀዋለሁ። ግልጽ ነው፣ ደፋር ነው፣ አለቃውን ትከሻውን መታ መታ ያደርጋል። እሱን ሆኜ ሞላሁ። ስለ መጥፎ ዜናው የሞላሁት ግን የራሴን እምነት ነው፤ አምስት። እዚህ አገር ስምንት ዓመት ኖሬ የተማርኩት ነገር ቢኖር ሰው እውነቱን በጊዜው ማወቅ እንዳለበት ነው። እኔም ወሬ የምጠብቅ ሰው ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ደመቀ ወደዚህ የመግቢያ ፈቃድ እየጠበቀ ጎንደር ቀርቷል። በየፋሲካው ደብዳቤ ይጽፍልኝ ነበር፤ የዘንድሮው አልደረሰም። ባለቤቴ ልቅናሽ «መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል» ትላለች። ከአገር ቤት የሚመጣውን ሰው ሁሉ ስጠይቅ ደህና ነው ይለኛል።

ውጤቱ ሲመጣ እኔ ከመቶ ዘጠና ሁለት፣ ዘቢደር ሠላሳ አንድ አገኘን። ሃጊት ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ «ማንያ፣ አንተማ ፍጹም የኛ ነህ» አለችኝ። ስለ ዘቢደር «ዝግ፣ ራሷን ያገለለች፣ ቦታውን እንደ ራሷ የማታይ» ብላ ጻፈች። ወረቀቱ ከክሱ ጋር ተያይዞ መቅረቡን መርማሪው አሳይተውኛል።

ዘቢደር ዝግ መሆኗን የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ እንዳለ ተጠይቄ የሲግድን ጉዳይ ተናግሬያለሁ። በዚህ ወር መጀመሪያ በአርሞን ሃናጺቭ ኮረብታ ለሚደረገው የዓመታዊ በዓላችን የሲግድ ጸሎት የአንድ ቀን ፈቃድ ፈልጋ እኔን አማላጅ ላከች። አቶ አሎን በሦስት ሜትር ርቀት ላይ ቆመው «ማንያ፣ እዚህ ነኝ፤ ለምን ራሷ አትጠይቀኝም? ነብር ነኝ?» አሉ። ለዘቢደር ስነግራት «እኔ ጠይቄያቸው እምቢ ማለት ቢኖርባቸው በእኔ ፊት ያፍራሉ። እርስዎን እምቢ ቢሉ ግን ማንም አያፍርም» አለች። ይህን አልተረጎምኩላቸውም። ባለመተርጎሜ አሁን ይቆጨኛል።

በ16 ኖቬምበር የሆነው እንዲህ ነው። አቶ አሎን ከጠዋቱ 9 ሰዓት ከሃጊት ጋር ወደ ኋላኛው ክፍል ገብተው በሩን ዘጉ፤ ማንም እንዳይረብሻቸውም አዘዙ። ኮታቸው ከነፔሌፎኑ ከመጽሐፍ መጭመቂያው አጠገብ ተሰቅሎ ነበር። 9፡50 ላይ የቢሮው ስልክ ጮኸ፤ ጸሐፊዋ ፈቃድ ላይ ስለነበረች ዘቢደር አነሳችው። የደወሉት የአቶ አሎን እህት ናቸው። እናታቸው ንጋት ላይ በድንገት ማረፋቸውን፣ ፔሌፎኑ እንደማይነሳና አቶ አሎን ወዲያው እንዲደውሉ ነገሯት። ዘቢደር «እሺ፣ ወዲያው» አለች። ዕብራይስጡን በደንብ ሰምታለች፤ በቋንቋ በኩል ስህተት አልነበረም።

እጀታውን ካስቀመጠች በኋላ መጥታ ከፊቴ ቆመች፤ አልወደቀችም። «ጋሼ፣ እማማ አልማ የሉም» አለች። ያን ጊዜ በኮቱ ኪስ ውስጥ ፔሌፎኑ መጮህ ጀመረ። «በስልክ ሊሰሙ ነው!» ብላ ሮጣ አወጣችው፤ እንዴት እንደሚዘጋ ስላላወቀች በጨርቅ ጠቅልላ የቆዳ ቁርጥራጭ ከሚጠራቀምበት ሣጥን ሥር ከተተችው። ከዚያ ውስጥ ሲጮህ እንደ ጫጩት ይሰማ ነበር።

የቢሮው ስልክ እንደገና ሲጮህ ሽቦውን ከግድግዳው የነቀልኩት እኔ ነኝ። ይህን እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም፤ አቶ አሎንም አያውቁትም። ዘቢደር ለመርማሪው እኔን አለማንሳቷን ዛሬ ነው የሰማሁት። 11 ሰዓት ላይ አቶ አሎን አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ስልክ የለም እንዴ ዛሬ? ጸጥ አለ» ሲሉ «መስመሩ ተበላሽቷል» ብዬ የመለስኩትም እኔ ነኝ። በአርባ ጥያቄ ግልጽነቱ የተመሰከረለት ሰው ማለት ነው።

ዘቢደር በልማዱ መሠረት መርዶው ለነገ ማለዳ ይሁን ብላ ነበር። እኔ «ይህ አገር ሌላ ነው፤ ዛሬውኑ ይነገር» ብዬ አሳጠርኩት። ይህንም እንደ ሥልጣኔ ቆጥሬው ነበር። የቀረን ሰው መሰብሰብ ነው። ማንን እንሰበስባለን? ዘመዶቻቸውን አናውቅም። «እኛ አለን፤ ከእኛ ሌላ የእናታቸውን ጓደኛ ያምጡ፤ ትልቅ ሰው ያስፈልጋል» አለችኝ። ወ/ሮ አልማን ከልጅነታቸው የሚያውቁ አቶ ኤሊያሁ የተባሉ የ80 ዓመት የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ አሉ። 10፡10 ላይ ሱቃቸው ስሄድ ዝግ ነው። ቤታቸው ድረስ በአውቶቡስ ሄጄ፣ ልብሳቸውን እስኪለብሱና ኮፍያቸውን እስኪያገኙ ጠብቄ...

እዚህ ላይ መርማሪው አቋርጠው፣ 10፡10 ላይ ከወጣሁ 11 ሰዓት ላይ ለአቶ አሎን እንዴት መልስ ልሰጥ እንደቻልኩ ጠይቀውኛል። ትክክል ናቸው። ሱቁ ዝግ ሆኖ ሳገኘው ተመልሼ መጥቻለሁ፤ አድራሻውን ከደንበኞች መዝገብ አውጥቼ እንደገና የወጣሁት ከ11 በኋላ ነው። ከአቶ ኤሊያሁ ጋር የተመለስነው 12፡40 ላይ ነው። እየመጣን ሳለ በአውቶቡስ ውስጥ ነገርኳቸው። አቶ ኤሊያሁ አለቀሱ፤ ከዚያ «አሎን ያውቃል?» አሉ። «እየሄድን ነው» አልኩ። ሰዓታቸውን አዩ።

ስንደርስ አቶ አሎን ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ዘቢደር ሁለት እንቁላል፣ ዳቦና የተከተፈ ቲማቲም ከፊታቸው አቅርባ ቆማለች። ምሳ የመብላት ልማድ የላቸውም። «ዘቢደር፣ አልራበኝም» ይላሉ፤ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። «እሺ፣ አንዱን እንቁላል» ይላሉ፤ ቆማ ትጠብቃለች። ሁለቱንም በሉ። ሲጨርሱ «ጣፋጭ ነበር፣ አመሰግናለሁ» አሏት። ሃጊት በር ላይ ሆና ይህን እያየች በማስታወሻዋ አንድ ነገር ጻፈች።

1፡10 ላይ ሁላችንም በዙሪያቸው ቆምን። አቶ ኤሊያሁ ልማዱን ስለማያውቁት፣ ከሠራተኞቹም ትልቁ እኔ ስለሆንኩ እኔ ጀመርኩ።

«አቶ አሎን፣ አባታችን አብርሃም ስንት ዓመት ኖሩ?»

«አላውቅም። ብዙ።»

«መቶ ሰባ አምስት። ግን አለፉ።»

«እሺ።»

«ሙሴስ?»

«መቶ ሃያ። ማንያ፣ ምንድን ነው ነገሩ? ቫዓድ ልታቋቁሙ ነው?» ቫዓድ የሠራተኞች ኮሚቴ ነው። «ከሆነ በቀጥታ ንገሩኝ፤ አልቆጣም። እሷ ለምን ታለቅሳለች? ስለ ቅነሳው ሰማች? ማን ነገራት?»

የሚቀነሰው ማን እንደሆነ ያወቅነው በዚህ ነው። ዘቢደር ግን ይህን የሰማች አትመስልም ነበር፤ ሲወድቁ ልትይዛቸው እጆቿን ዘርግታ ቆማለች። እኔ ከሙሴ ወደ ዳዊት ልሻገር ስል አቶ ኤሊያሁ ኮፍያቸውን አውልቀው «አሎን፣ አልማ ሞታለች» አሉ። ሦስት ቃል ነው። ሰዓቱ 1፡25 ነበር።

አቶ አሎን አልወደቁም። ሳህኑን አዩ። «መቼ?» አሉ። ነገርናቸው። «እናንተ ከጠዋት ጀምሮ... እናቴ ሞታ ምሳ አበላችሁኝ?» አሉ። ዘቢደር በሰባት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በስማቸው ጠራቻቸው፤ «አሎን፣ ልጄ» አለች። የሰሙ አይመስለኝም፤ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ስልካቸውን እየፈለጉ ነበር።

ቀብሩ ለ1 ሰዓት ተቀጥሮ ነበር። ቤተሰቡ ግማሽ ሰዓት ጠብቋል። አቶ አሎን በሃጊት መኪና መቃብሩ ቦታ የደረሱት 2፡05 ላይ፣ አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። ይህን በኋላ ከአቶ ኤሊያሁ ሰምቻለሁ፤ እኔ አላየሁም።

ዘቢደር በግርግሩ ስልኩን ረሳችው። በማግስቱ ሃጊት ቆዳ ሣጥኑ ውስጥ አገኘችው፤ አሥራ ዘጠኝ ያልተነሳ ጥሪ ነበረበት። ዘቢደር በዚያ ሰዓት በሟች ቤት ለቅሶ ተቀምጣ ነበር። ሰባቱንም ቀን ሄዳለች፤ በር አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ በአገራችን ወግ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። የአቶ አሎን እህት የእናታቸው አስታማሚ መስላቸው እጇን ይዘው አመስግነዋታል። አቶ አሎን ግን አላናገሯትም። ሰባቱ ቀን ባለቀ ማግሥት ክሱን አቀረቡ። አልፈርድባቸውም። ደግ ሰው ናቸው፤ የልጄን የሠርግ መጥሪያ በነጻ ያሳተሙልኝ እሳቸው ናቸው። የወሰድንባቸውም ከባድ ነገር ነው።

ዘቢደር ስልኩን ለመስረቅ አስባ እንደሆነ ተጠይቄ፣ አላሰበችም ብያለሁ። በፔሌፎን መደወል እንኳ አታውቅም። ከአቶ አሎን ላይ የወሰድነው ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው። ስልኩ ተመልሷል፤ ሰዓቱን የምንመልስበት መንገድ የለንም። ቅጣት ካለ ሽቦውን የነቀልኩትና የዋሸሁት እኔ ስለሆንኩ ከእኔ እንዲጀመር ጠይቄያለሁ። ለቦታው ማን ይስማማል የሚለውን በተመለከተ፣ እሳቸው የተናገሩትን ቃል ያመነች አንድ ሠራተኛ ብትኖር ዘቢደር ናት። ዘጠና ሁለት ያገኘሁት እኔ ቃሉን ስሰማ ለደንበኛ የሚባል ነገር መሆኑን አውቄ ነበር።

በልማዱ በራሱ ላይ ያለኝን አስተያየት ተጠይቄ፣ ልማዱን እንደማልደግፍ ተናግሬያለሁ። ይህን ለዘቢደርም ነግሬያታለሁ። ሰው የራሱ የሆነውን ወሬ ከሌላው ኋላ ሊሰማው አይገባም። እኔ ብሆን በቀጥታ፣ በስልክም ቢሆን፣ ይነገረኝ እላለሁ። በሃጊት ወረቀት ላይ አምስት ብያለሁ፤ ዛሬም ቢጠይቁኝ አምስት ነው።

ቃሌ በአማርኛ ተነቦልኝ አዳምጬዋለሁ። ስለ ሙጫው የተናገርኩት መጻፉንም አረጋግጫለሁ። ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ ብያለሁ፤ ያልሆነ ነገር አልጨመርኩም፤ ይህንንም በፊርማዬ አጸናለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ማንያዘዋል ውበቱ
የመርማሪው ፊርማ፦ ሳጅን እንዳለ
ሰዓት፦ 12፡15

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፦

መርማሪው እሁድ 28 ኖቬምበር ከጠዋቱ 8 ሰዓት ከአቶ አሎን ጋር ፊት ለፊት እንድቀርብ ጠይቀውኝ፣ በዚያ ቀን እንደማይመቸኝና ሰኞ እንደምቀርብ አስረድቻለሁ። እሁድ ማለዳ 5 ሰዓት ቂርያት መናሔም፣ የምሥራች በተባለችው ልጄ ቤት እንድገኝ ተነግሮኛል። አጎቴ ከሐዴራ፣ የባለቤቴ ወንድሞች ከአሽቀሎን መጥተው ቅዳሜ ማታ እዚያ ያድራሉ። ባለቤቴ ልቅናሽ ከቤት ስወጣ እህል ቀምሼ እንድወጣ ነግራኛለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ፊርማ፦ ማንያዘዋል ውበቱ